ዘጠና ሁለት ስንት ነው?

በደም ውስጥ ያለው የኦክስጅን መጠን ከሕመምተኛ ሕመምተኛ፣ ከአገር አገር፣ ከሌሊት ቀን ይለያያል። አዲስ አበባ ውስጥ ባለ አንድ የውስጥ ደዌ ዋርድ የሌሊቷ ተረኛ ነርስ ለጠዋቷ ስታስረክብ ልዩነቱ በቁጥር ይነበባል፦ «አልጋ 3፣ ሳቹሬሽኑ 92፣ ያለ ኦክስጅን። አልጋ 5፣ 88 በሁለት ሊትር። አልጋ 8፣ 99። አልጋ 11፣ 92 በአሥር ሊትር።» የጠዋቷ ነርስ ወደ አልጋ 5 ጠጋ ብላ «አባባ፣ እስቲ እጅዎን ይስጡኝ» ትላለች። የልብስ መቆንጠጫ የምታህል መሣሪያ ሌባ ጣታቸውን ትነክሳለች። ከውስጧ ቀይ ብርሃን ይታያል፤ ቁጥሩ ጥቂት ሰኮንድ ሲዋልል ቆይቶ 88 ላይ ይረጋል። አጠገባቸው የቆመው አስታማሚ ልጃቸው ቁጥሩን የሚያነበው እንደ ፈተና ውጤት ነው። በእሱ ዓይን አልጋ 8 ላይ የተኛችው ወጣት አንደኛ ወጥታለች፤ አልጋ 3 እና አልጋ 11 እኩል ናቸው፤ አባቱ ደግሞ የክፍሉ መጨረሻ ናቸው። ከሦስቱ ግምቶች አንዱም ትክክል አይደለም።

መሣሪያዋ የምትለካው የሂሞግሎቢንን ሙሌት (ሳቹሬሽን) ነው። በቀይ የደም ሴሎች ውስጥ ያለው ሂሞግሎቢን ኦክስጅን የሚቀመጥባቸው አራት ቦታዎች አሉት፤ 98 በመቶ ማለት ከእያንዳንዱ መቶ ቦታ 98ቱ ተይዟል ማለት ነው። አንድ ግራም ሂሞግሎቢን ሲሞላ 1.34 ሚሊ ሊትር ያህል ኦክስጅን ይይዛል። በአንድ ዴሲ ሊትር ደሙ 15 ግራም ሂሞግሎቢን ያለው ጤነኛ ሰው፣ በዚያው መጠን ደም ውስጥ 20 ሚሊ ሊትር ገደማ ኦክስጅን ይዞ ይንቀሳቀሳል። በደሙ ፈሳሽ ውስጥ በቀጥታ የሚሟሟው 0.3 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው፤ ያለ ሂሞግሎቢን ሰው አንድ ደረጃ እንኳ መውጣት አይችልም ነበር።

ሂሞግሎቢን ኦክስጅን የሚይዘው እንደ ግፊቱ መጠን ነው፤ ነገር ግን አያያዙ ቀጥተኛ መስመር አይከተልም። ዴንማርካዊው የፊዚዮሎጂ ሊቅ ክርስቲያን ቦር ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1904 ዝምድናውን በሥዕል ሲያሳይ የወጣው መስመር በኢትዮጵያ ደጋ የተወለደ ሰው ወዲያው የሚያውቀው ቅርጽ ነበረው፦ አምባ። በደም ቅዳ ውስጥ ያለው የኦክስጅን ግፊት 100 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ሲሆን ሙሌቱ 97 ወይም 98 በመቶ ነው። ግፊቱ ወደ 80 ሲወርድ ሙሌቱ ከ95 ብዙም አይርቅም። አምባው ላይ ወዲያና ወዲህ ቢኬድ ከፍታው ያው ነው። ግፊቱ 60 ሲደርስ ግን ሙሌቱ 90 ይሆናል፤ ጠርዙ ይኸው ነው። ከዚያ በኋላ ገደል ነው፦ በ40 ግፊት 75 በመቶ፣ በ27 ግፊት 50 በመቶ። ለሰውነት ሴሎች ገደሉ በረከት ነው፤ ደም ጡንቻና አንጎል ጋ ሲደርስ ግፊቱ በጥቂቱ ሲቀንስ ብዙ ኦክስጅን ያራግፋል። ትኩሳት ሲኖር ወይም ደሙ አሲድ ሲበዛበት ደግሞ ሂሞግሎቢን የያዘውን ይበልጥ በቀላሉ ይለቃል። ለሳንባ ሕመምተኛ ግን ገደሉ አደጋ ነው። ከ98 ወደ 94 የወረደ ሰው አምባው ላይ ረጅም መንገድ ተጉዟል፤ ከ90 ወደ 80 ለመውረድ ግን ጥቂት እርምጃ ይበቃል። በሐኪም ቤት ደጋግሞ የሚሰማው «ማታ ደኅና ነበር፣ ሌሊት ድንገት ወረደ» የሚለው ቃል ብዙ ጊዜ የዚህ ቅርጽ ውጤት ነው። መውረዱ የጀመረው ቀን ነበር፤ ቁጥሩ አልተናገረም እንጂ።

እያንዳንዱ ሰው አምባው ላይ የት እንደሚቆም የሚወስነው መጀመሪያ የሚኖርበት አገር ከፍታ ነው። አየር ውስጥ ያለው ኦክስጅን ጋምቤላም ሆነ ደብረ ብርሃን 21 በመቶ ነው፤ የሚለየው የአየሩ ግፊት ነው። ባሕር ጠለል ላይ 760 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ የሆነው ግፊት፣ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ባለችው አዲስ አበባ 580 ገደማ ነው። አየሩ በአፍንጫና በጉሮሮ ሲያልፍ በውኃ እንፋሎት ይርሳል፤ እንፋሎቱ 47 ይወስዳል። ከቀረው 21 በመቶው ሲሰላ፣ ባሕር ዳርቻ የሚተነፍስ ሰው 150 ገደማ የኦክስጅን ግፊት ሲያገኝ አዲስ አበቤው 112 ያገኛል። ሳንባ ውስጥ ባሉት ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ድርሻውን ከያዘ በኋላ፣ የመጀመሪያው ወደ 100፣ የሁለተኛው ወደ 70 ይወርዳል። ደሙ ዘንድ ሲደርስ ደግሞ ጥቂት ይቀንሳል። ስለዚህ ጤነኛ አዲስ አበቤ ጣቱን ቢያስለካ 92፣ 94 ወይም 95 ቢያነብ አያስደንቅም። ሰውየው የቆመው አምባው ላይ ነው፤ ግን ለጠርዙ ቀርቦ።

የአልጋ 3 ታሪክ ይኸው ነው። ለሆድ ሕመም ገብቶ ድኖ ነገ የሚወጣ ወጣት፣ ሳል የሌለው፣ ትንፋሹ የረጋ፣ ሳቹሬሽኑ 92። ያው ወጣት ጂቡቲ ወደብ ላይ 92 ቢያሳይ ሐኪሙ የሳንባ ራጅ ያዝዝለት ነበር። በባሕር ጠለል ለሚኖሩ ሰዎች የተጻፉ መማሪያ መጻሕፍት ጤነኛውን ከ95 እስከ 100 ይሉታል፤ ይህን ቁጥር ያለ ማስተካከያ ደጋ ላይ ያመጣ ሰው ግማሹን ከተማ ያስተኛል። የዓለም ጤና ድርጅት ለልጆች ባወጣው መመሪያ ኦክስጅን መስጠት የሚጀመርበትን ወሰን ከ2,500 ሜትር በታች 90 በመቶ፣ ከዚያ በላይ 87 በመቶ አድርጎ ከፍሎታል። መስመሩ በኢትዮጵያ ላይ ሲያርፍ አዲስ አበባ ከሥሩ፣ ደብረ ብርሃን ከላዩ ይወድቃሉ። የሁለት ሰዓት ተኩል የመኪና መንገድ የሁለት ወሰኖች አገር ሆነ ማለት ነው።

ከፍታ ብቻውን ግን ሁሉን አይወስንም። እ.ኤ.አ. በ2002 በሲንቲያ ቢል የተመራ የምርምር ቡድን በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ 236 ኢትዮጵያውያንን መርምሮ ያገኘው ውጤት ብዙዎችን አስገርሟል። በዚያ ከፍታ በአንዲስ ተራሮች የሚኖሩ ሰዎች ሙሌታቸው ይቀንስና ሰውነታቸው ሂሞግሎቢን በማብዛት ያካክሳል። ቲቤታውያን ሂሞግሎቢናቸው እምብዛም አይጨምርም፤ ሙሌታቸው ግን ዝቅተኛ ነው። የሰሜን ገበሬዎች ሂሞግሎቢን በአማካይ ለወንዶች 15.9፣ ለሴቶች 15.0 ግራም ሲሆን የሙሌታቸው አማካይ 95.3 በመቶ ነበር፤ ሁለቱም ቁጥሮች ባሕር ዳርቻ ከሚኖር ሰው ብዙም አይርቁም። «ደጋ ነው፣ ዝቅ ቢል ምን ይገርማል» ብሎ የተራራ ሰው ሕመምን ማለፍ እንደማይገባ የሚያሳይ ግኝት ነው። 95 የለመደ ደገኛ 87 ካሳየ የወረደው ስምንት ነጥብ ነው።

ወደ አልጋ 11 ሲዞር ቁጥሩ ያው 92 ነው፤ ትርጉሙ ግን ሌላ። እዚያ የተኛው ጎልማሳ የሳንባ ምች ይዞት ሦስተኛ ቀኑ ነው። ጭምብል አጥልቋል፤ አጠገቡ ያለው መለኪያ ውስጥ ኳሷ አሥር ሊትር ላይ ተንሳፋለች፤ በየትንፋሹ የአንገቱ ጡንቻ ይወጠራል። 92ቱ የራሱ አይደለም፣ የተበደረው ነው። ጭምብሉ ለሁለት ደቂቃ ቢነሳ የት እንደሚወርድ የሚያውቁ ነርሶች «ያለ ኦክስጅን» እና «በአሥር ሊትር» የሚሉትን ቃላት ከቁጥሩ ለይተው አይጽፉም። ከሁለቱ አንዱ ከተጣለ መዝገቡ ላይ የቀረው ቁጥር ምንም አይናገርም።

የሳንባ ምች ኦክስጅንን የሚያወርደው በቀላል ሒሳብ ነው። የተጠቃው የሳንባ ክፍል የአየር ከረጢቶች በመግልና በፈሳሽ ይሞላሉ። ደም ግን እዚያም ማለፉን አያቆምም፤ ያልፍና ኦክስጅን ሳያገኝ እንደመጣ ይመለሳል። ከሰውነት ዞሮ የመጣው ደም ሙሌቱ 75 ገደማ ነው። ከደሙ ሲሶው በታመመው ክፍል ቢያልፍና ሁለት ሦስተኛው በጤነኛው አልፎ 98 ቢደርስ፣ ሲቀላቀሉ 90 ይሆናሉ። አሁን ኦክስጅን ይሰጥ። ጤነኛው ክፍል ከ98 ወደ 100 ከፍ ይላል፤ ከዚያ በላይ መያዝ አይችልም። በታመመው የሚያልፈው ያው 75 ነው። ድብልቁ 92 ሳይሞላ ይቀራል። ለዚህ ነው ቤተሰብ «ኦክስጅኑ እየተሰጠው ለምን አይነሳም?» ሲል ሐኪሙ ስለ መድኃኒቱና ስለ አተኛኘቱ የሚናገረው። ሕመምተኛውን ከፍ አድርጎ ማስቀመጥ፣ አንዳንዴም በሆዱ ማስተኛት፣ አየርና ደም የሚገናኙበትን ቦታ ያሰፋል። በኮቪድ ዘመን በሆዳቸው ተኝተው የታዩት ሕመምተኞች ምክንያታቸው ይህ ነበር። በዚያው ዘመን ሐኪሞችን ያደናገረ ሌላ ነገርም ታይቷል፦ ሙሌታቸው ወደ 80 ወርዶ ስልክ የሚያወሩ ሰዎች። አንጎል የትንፋሽ ማጠርን በዋናነት የሚያውቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲከማች ነው። ሳንባው ካርቦን ዳይኦክሳይድን ማስወጣት እስከቻለ ድረስ ኦክስጅን በዝምታ ሊወርድ ይችላል።

የአልጋ 5 አባት በተቃራኒው ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚከማችባቸው ናቸው። ዓመታት የፈጀ የሳንባ ቱቦዎች መጥበብ፣ ሐኪሞች በምህጻር ሲኦፒዲ የሚሉት፣ ይዟቸዋል። በሽታው በብዙ አገር የሲጋራ ሕመም ነው፤ በኢትዮጵያ ገጠር ግን ዕድሜዋን ሙሉ ጭስ በሞላበት ማዕድ ቤት እንጀራ የጋገረች እናትም ትያዛለች። ልጃቸው 88ን ሲያይ ወደ ነርሷ ዞሮ «ሲስተር፣ ትንሽ ጨምሪላቸው እንጂ» ይላል። ልመናው የፍቅር ነው፤ ቢፈጸም ግን ሊጎዳቸው ይችላል። እንዲህ ያለው ሳንባ አየር ወደማይደርስባቸው ክፍሎቹ የሚሄዱትን የደም ሥሮች በማጥበብ ደሙን ወደ ተሻሉት ክፍሎች ይመራል። ኦክስጅን ሲበዛበት የጠበቡት ሥሮች ይከፈታሉ፤ ደሙ ወደማይሠራው ክፍል ይመለሳል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይከማቻል፤ ሕመምተኛው ይፈዛል፣ ይተኛል፣ ከእንቅልፉም ላይነቃ ይችላል። ሳቹሬሽኑ ግን 98 ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ይፋ በሆነ የታዝማኒያ ጥናት፣ የአምቡላንስ ባለሙያዎች ለእንዲህ ዓይነት ሕመምተኞች ከ88 እስከ 92 ባለው ክልል ኦክስጅን መጥነው ሲሰጡ፣ በብዛት ከመስጠት ጋር ሲነጻጸር በሽታው በተረጋገጠባቸው ሰዎች ዘንድ ሞት በ78 በመቶ ቀንሷል። የብሪታንያ የደረት ሐኪሞች መመሪያም ለእነዚህ ሕመምተኞች ያንኑ ክልል፣ ለሌሎች አብዛኞቹ ከ94 እስከ 98 ያዛል። ለአባባ 92 ጣሪያ ነው፤ 88ታቸውም ክልሉ ውስጥ ነው።

ኦክስጅን ሲበዛ አይጎዳም የሚለው እምነት በጨቅላ ሕፃናት ክፍልም ተፈርዶበታል። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹና 50ዎቹ ያለጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት ኦክስጅን በሞላው ማሞቂያ ውስጥ ይቀመጡ ነበር፤ በሕይወት ከተረፉት በሺዎች የሚቆጠሩት ዓይናቸው ጠፋ። የሜልበርኗ ሐኪም ኬት ካምፕቤል እ.ኤ.አ. በ1951 ጣቷን ወደ ኦክስጅኑ ቀሰረች። ከዚያ በኋላ የመጣው ቁጥብነትም የራሱን ዋጋ አስከፈለ። እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ የወጡ ትላልቅ ጥናቶች ሙሌታቸው ከ85 እስከ 89 እንዲሆን የተደረጉ ሕፃናት ዓይናቸው ይበልጥ ቢተርፍም ይበልጥ እንደሚሞቱ አሳይተዋል፤ ብዙ ክፍሎች ዛሬ ከ91 እስከ 95 የሚይዙት በዚህ ምክንያት ነው። በጊዜው የተወለደ ጤነኛ ሕፃን ደግሞ በመጀመሪያዋ ደቂቃ 60 እና 65 መካከል፣ በአምስተኛዋ 80 እና 85 መካከል ነው። የትኛውም አልጋ ላይ ማንቂያ የሚያስጮኽ ቁጥር፣ እዚያች ቅጽበት ላይ ጤና ነው።

እስካሁን ቁጥሩ እውነት ነው ተብሎ ነው የተወራው። መሣሪያዋ ግን ራሷ ትሳሳታለች፤ ለምን እንደምትሳሳት ደግሞ አፈጣጠሯ ይነግራል። ጃፓናዊው መሐንዲስ ታኩኦ አዮያጊ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ኒሆን ኮህደን በተባለው ኩባንያ ሲሠራ የሚፈልገው ሌላ ነገር ነበር፦ ቀለም ደም ውስጥ አስገብቶ፣ በጆሮ ላይ ብርሃን እያሳለፈ፣ ልብ የምትረጨውን ደም መለካት። የልብ ትርታ መለኪያውን እየረበሸ አስቸገረው። ሊያጠፋው ሲታገል ቆይቶ፣ የሚርገበገበው ክፍል የደም ቅዳው ደም እንደሆነና በእሱ ብቻ ሙሌትን መለካት እንደሚቻል ተረዳ። ዛሬ ጣት ላይ የምትነክሰው መሣሪያ ሁለት ብርሃን ታሳልፋለች፤ አንዱ 660 ናኖ ሜትር የሆነ ቀይ፣ ሌላው 940 ናኖ ሜትር የሆነና ዓይን የማያየው ኢንፍራሬድ። ኦክስጅን ያልያዘ ሂሞግሎቢን ቀዩን ይበልጥ ይውጣል፣ የያዘው ኢንፍራሬዱን። ከሁለቱ ንጽጽር ቁጥሩ ይወጣል። አዮያጊ ያረፈው እ.ኤ.አ. በ2020 ሚያዝያ ላይ ነው፣ ዓለም መሣሪያውን በየቤቱ መግዛት በጀመረበት ሰሞን።

በሁለት ቀለም ብቻ የሚያይ ዓይን ሦስተኛ ነገር ሲመጣበት ይታለላል። ቤት ዘግቶ ከሰል ያነደደ ቤተሰብ ሌሊቱን ካርቦን ሞኖክሳይድ ሲተነፍስ ያድራል። ጋዙ ከኦክስጅን ከሁለት መቶ እጥፍ በላይ በሚበልጥ ጥብቀት ሂሞግሎቢንን ይይዛል፤ ለመሣሪያዋ ግን የተያዘው ሂሞግሎቢን ኦክስጅን የጫነ ይመስላታል። ራሱን ስቶ የመጣ ሰው ጣቱ ላይ 99 ይነበባል። እዚህ ላይ የሚያድነው ቁጥሩን ትቶ «ቤት ውስጥ ከሰል ነበር?» ብሎ መጠየቅ ነው። ያለ ተጨማሪ ኦክስጅን ጋዙ በግማሽ ለመቀነስ አምስት ሰዓት ያህል ይፈልጋል፤ ንጹሕ ኦክስጅን በጭምብል ሲሰጥ ጊዜው ወደ አንድ ሰዓት ወይም ሰዓት ተኩል ያጥራል። የቀሩት ስህተቶች ቀለል ያሉ ናቸው፦ የበረደ እጅ፣ የጥፍር ቀለም፣ ጥቁር ሂና፣ የሚንቀጠቀጥ ጣት፣ በደም ግፊት መውደቅ የደከመ ትርታ። ልምድ ያላት ነርስ ከቁጥሩ በፊት የትርታውን ሞገድ የምታየው ለዚህ ነው።

የቆዳ ቀለም ጉዳይ ግን ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2020 የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች፣ የጣት መለኪያው ከ92 እስከ 96 ያሳየባቸውን ሕመምተኞች ከደም ቅዳ ከተወሰደ ደም ጋር አነጻጸሩ። እውነተኛው ሙሌት ከ88 በታች ሆኖ የተገኘው ከነጮቹ በ3.6 በመቶ፣ ከጥቁሮቹ በ11.7 በመቶ ላይ ነበር። ሜላኒን ብርሃኑን ስለሚውጥ መሣሪያዋ ከፍ አድርጋ ታነባለች። ችግሩ እ.ኤ.አ. በ1990 በወጣ ጥናትም ተጽፎ ነበር፤ ሠላሳ ዓመት ሳይታረም ቆየ። በዋሽንግተን ወይም በሚኒያፖሊስ ሆስፒታል ለተኛ ኢትዮጵያዊ ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም፤ በኮቪድ ጊዜ ማን መድኃኒት እንደሚያገኝ ሲወሰን አንዱ መስፈርት ይኸው የጣት ቁጥር ነበር። የደም ጋዝ ምርመራ እንደልብ በማይገኝበት በኢትዮጵያ ሆስፒታል ደግሞ ስህተቱን የሚገልጥ ሁለተኛ ምስክር የለም። የቀረው ምስክር ሰውየው ነው፦ የትንፋሹ ብዛት፣ የምላሱ ቀለም፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ሳያቋርጥ መናገር መቻሉ።

መሣሪያዋ ያለ ጥርጥር ብዙ ሕይወት ታድናለች፤ ሳትኖር ሐኪሞች በዓይናቸው ይገምቱ ነበር፣ ዓይን ደግሞ መወየብን የሚያየው ሙሌቱ በጣም ከወረደ በኋላ ነው። የኢትዮጵያ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር በ2016 እ.ኤ.አ. ያወጣው ፍኖተ ካርታ ኦክስጅንንና የጣት መለኪያን በአንድ ላይ የያዘው በዚህ ስሌት ነው፤ መለኪያ በሌለበት ኦክስጅኑ ለማይፈልገው ይሰጣል፣ ኦክስጅን በሌለበት መለኪያው ሐዘን ብቻ ያነባል።

የአልጋ 8ቷ ወጣት ጨጓራዋ ደምቶ የመጣች ናት። ጣቷ ላይ 99 ይነበባል፤ ከአልጋዋ ተነስታ መጸዳጃ ቤት ድረስ መሄድ ግን አልቻለችም። የላቦራቶሪው ወረቀት ሲመጣ ሂሞግሎቢኗ 5 ግራም ነው። ሳቹሬሽን ታክሲዎቹ ምን ያህል እንደሞሉ ይናገራል እንጂ መንገዱ ላይ ስንት ታክሲ እንዳለ አይናገርም። የእሷ ታክሲዎች ሁሉም ሞልተዋል፤ ግን የቀሩት ከሦስት አንድ ናቸው፤ በአንድ ዴሲ ሊትር ደም የምትሸከመው ኦክስጅን ከ7 ሚሊ ሊትር ያነሰ ነው። ኦክስጅን ቢጨመርላት የሚገባበት ቦታ የለውም። የሚያስፈልጋት ደም ነው። ከሰዓት በኋላ ሁለት ከረጢት ደም ይሰጣታል፤ ማታ ሂሞግሎቢኗ 7 ይደርሳል፤ ደሟ የሚሸከመው ኦክስጅን ወደ 9 ሚሊ ሊትር ከፍ ይላል፤ ልቧም ከድለቃው ይበርዳል። የማታዋ ነርስ መሣሪያዋን ጣቷ ላይ ታደርግና መዝገቡ ላይ 99 ብላ ትጽፋለች፤ ከጠዋቱ 99 ሥር።